ስኳር ያለባቸውስ?

ስለ እግር ሕክምና ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የእግር ሐኪም የሚያስፈልገው ተረከዙን ለሚያመው ሰው ብቻ አስመስሎታል። ስለ ተረከዝ የተባለው ልክ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ የሚወጋው ሕመም ብዙ ጊዜ ከእግር መርገጫ ሥር ካለው ጅማት ይመጣል። ባትንና መርገጫን በየቀኑ ማሳሳብ፣ ደህና ጫማ፣ ከዚያ ትዕግሥት። ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ግን አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል።

የገረመኝ የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በጽሑፉ ውስጥ በአንድ መስመር መታለፋቸው ነው። ዋናው ጉዳይ እኮ እሱ ነው! ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢያቆስል እንኳ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ “አላመመኝም” ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም። የእግር ምርመራው ደግሞ ምንም አያስፈራም። ዓይን ይጨፈናል። ባለሙያው በ10 ግራም ጫና የምትጎብጥ ቀጭን የናይሎን ክር መርገጫውን እየነካ “ይሰማዎታል?” ይላል። ቀጥሎ የእግር ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያለውን የደም ምት ይዳስሳል። ይኸው ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት 1 ጊዜ መታየት አለበት፤ የደነዘዘ ወይም ቆስሎ የሚያውቅ እግር ከሆነ ቶሎ ቶሎ።

የደነደነ ቆዳን ቤት ውስጥ በምላጭ መላጥ ደግሞ ይቅር፣ በፈጠራችሁ!

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ አዘውትራችሁ የምታደርጉትን አሮጌ ጫማ ያዙ። ሶሉ የተበላበትን ጎን አይቶ ስለ አረማመዳችሁ ብዙ ይረዳል።