ዘነዘናው ፍሪሲዮን ውስጥ ነው

ኮምቦልቻ ባለው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ጡረተኞች አሉ፤ አባዬና ኤንትሬዋ። በወረቀት ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና ናት። «ኤኔ ትሬ» የሚለውን የጣልያንኛ አጠራር የሀገራችን ሾፌር አጣብቆ ስም አወጣላትና በዚያው ጸናች። መሪዋ በቀኝ ነው። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ሀገር ምድሩ ከግራ መስመር ወደ ቀኝ ሲዛወር እሷን የነገራት የለም። አባዬ ግን ይህን ነቀፌታ አይቀበልም። «ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ገደሉን አንገትህን አውጥተህ የምታየው በማን በኩል መሰለህ?» ይላል።

የሁለቱም ሥራ አሰብ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ ሾፌሩ ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። የኤንትሬዋ ካምቢዮ ግን አኮረፈ፤ ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገቡላት መልሳ ትተፋለች። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ታሳድራለች። አባዬ በየዓመቱ «ዘንድሮ አወርደዋለሁ» ይል ነበር፤ ዘንድሮ አወረደው። ያውም በሐምሌ!

ጋራዥ ብዬ ብጠራው ማን ይከለክለኛል? ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ራስ ለራስ አስረን ፓራንኮ፣ የዕቃ ማንሻ ሰንሰለት፣ የሰቀልንበት ጭቃ ነው። ታናሽ ወንድሜ ስልኩ ላይ እያየ «ጊርቦክሱን ከማውረዳችን በፊት ክላቹን…» ብሎ ሲጀምር አባዬ ከሥር ሆኖ «የእኛ መኪና ጊርቦክስ የላትም!» አለ። እውነቱን ነው። እሷ ያላት ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ክሮቼራ ነው። አባዬን ሮም ቢወስዱት ዳቦ ጠይቆ አይበላም፤ መኪና የተበላሸበት ጣልያን ካገኘ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያወጋ ይውላል።

የእኔ ሥራ ባትሪ መያዝ ነው። ዕድሜዬ 38 ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ መሥሪያ ቤት 11 ሰው አዛለሁ። ኤንትሬዋ ሥር ስገባ ግን የሰባት ዓመት ባትሪ ያዥ ነኝ፤ እድገት የለም። አባዬ የሚያየውን ሳይሆን ሊያይ ያሰበውን ነው ማብራት ያለብኝ። «ወዴት ነው የምታበራው? ፊቴን ልታነብ ነው?»

ነገሩ የተበላሸው አዲሱን የፍሪሲዮን ዲስክ ስንገጥም ነው። ዲስኩ መሃል ለመሃል ካልተቀመጠ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። ለዚህ የተሠራ ዕቃ አለ፤ እኛ ግን የለንም። የአባዬ ዓይን ግቢውን ዞሮ ዞሮ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ አረፈ። እማዬ ገበያ ነበረች። የቡና ዘነዘናዋን አንሥቶ ጫፉ ላይ ፕላስተር እየጠመጠመ ለካው፤ ሲጠብቅ ላጠ፣ ሲላላ ጠመጠመ፤ በመጨረሻ ዲስኩን አልፎ ቮላኖው መሃል ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ጥርቅም ብሎ ተቀመጠ። «ፋብሪካውም እንዲህ አይሠራው!» አለ።

ይኼኔ ዝናቡ ወረደ። ፍሪሲዮን ደግሞ ውሃ እንዲነካው አይፈለግም። ወንድሜ ድንኳን ሊለምን ወደ ቅሬ፣ ማለት ወደ እድራችን፣ ዕቃ ቤት ሮጠ።

«ለማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ለአባዬ» አላቸው።

ድንኳኑን ተከልን። አንደኛው ገመድ ካስማ የሚመታበት ቦታ ስላጣ ከኤንትሬዋ የኋላ መንጠቆ ላይ እኔው ራሴ አሰርኩት። ቋጠሮውን አስተካክዬ ቀና ስል ከበሩ ዋይታ ተነሣ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከኋላቸው ሐጂ፣ ከእሳቸው ኋላ የቅሬው ዳኛ። ዓይናቸው የገባው ደግሞ ከመኪናዋ ሥር የወጣ ሁለት የአባዬ እግር ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም።

«ወይኔ! መኪናው በላው!»

እኔ አፌን ሳልከፍት እግሮቹ ተናገሩ። «አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ አቀብለኝ!»

ሰው ተርፏል ብሎ ደስ የሚለው አለ፤ በዝናብ መጥቼ በከንቱ አለቀስኩ ብሎ የሚቆጣም አለ። ጎረቤታችን እትዬ ሁለተኛው ወገን ናቸው። ሐጂ ብቻ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» እያሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ያለቀሰ ሰው ደግሞ ቡና ሳይጠጣ አይሸኝም። እማዬ ከገበያ ገብታ ነገሩን ስትሰማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቡናውን ቆላች። ቆላችና ሙቀጫውን አወጣች። ከዚያ መፈለግ ጀመረች።

«ዘነዘናዬን ያየ?»

ባትሪዬን አጠፋሁ።

«ፍሪሲዮን ውስጥ ነው» አለ አባዬ፣ ምድጃ ላይ ነው የሚል በሚመስል ድምፅ። «ቡሎኖቹ ሳይጠብቁ ከወጣ ዲስኩ ይወርዳል። በመስቀል በመስቀል እያልኩ ነው የማጠብቃቸው፤ አይቸኮልም።»

ለቀስተኛው ሁሉ ቡናው በቡሎን እንደተያዘ ገባው። የቅሬው ዳኛ ኮታቸውን አወለቁ፤ ለካ በልጅነታቸው የአሰብ መስመር ረዳት ነበሩ! እንደ ድመት ሥር ገቡ። በሩብ ሰዓት ዘነዘናው ወጣ። እማዬ በአመድ አሸችው፣ በኦሞ ደገመችው፣ ወቀጠችበት። አቦሉ ሲቀዳ እትዬ አንድ ፉት አሉና ስኒውን አዩት።

«ግራሶ ግራሶ ይለኛል።»

«ቅቤ ነው በይው» አሉ ሐጂ።

ቶናው ሲቀዳ ስድስት ወንድ ካምቢዮውን በፓራንኮ ሰቅሎ ገፋው፤ ዘንጉ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ ትራስሚሲዮኑ ታሰረ፣ ዘጠና ቁጥር ዘይት ተሞላ። ዝናቡ ስለበረታ ማንም አልሄደም፤ በረካው ከሰል ላይ ሆኖ ይጠብቃል። አባዬ በቀኝ በኩል ወጥቶ ተቀመጠ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ተነሣ፤ ዶሮዎቹ ጎረቤት ገቡ። እኔ እንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ባትሪ ሳልይዝ ቆሜ እያየሁ ነበር።

አባዬ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ረገጠ። «ገባች!» ብሎ ጮኸ፤ ኤንትሬዋም ከስንት ዘመን በኋላ ወደ ፊት ተራመደች። ያሰርኩት ገመድ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ካስማዎቹ ተራ በተራ ተነቀሉ፣ ምሰሶው አዘነበለ፣ የቅሬው ድንኳን በሐጂም በእትዬም በዳኛውም ላይ ረጋ ብሎ ተኛና መኪናዋን ተከትሎ መጎተት ጀመረ።

ከሸራው ሥር የእማዬ ድምፅ ወጣ።

«ጀበናዋን! እናንተ ጀበናዋን ያዙልኝ!»