ቻርጅ ጨርሼ ነው

ባህር ዳር ውስጥ ቀጠሮ የሚሞተው በአንድ በሽታ ነው። «ቻርጅ ጨርሼ!» ይልሃል ባለቀጠሮው፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ነፍስ ሲዘራ። የተቀጣጠራችሁት እኮ ለምሳ ነበር።

ያለፈው እሁድስ ባሰ። አንዱ ወዳጄ «ሐይቁ ዳር ና፣ ዓሳ ልጋብዝህ» አለኝ። ሄድኩ። ዛፍ ስር ተቀመጥኩ። ስደውል ያቺ የማትሰለች ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት እንደማልችል ትነግረኛለች። ዓሳው መጣ። ከነዳጣው ብቻዬን በላሁ፣ ሂሳቡንም ብቻዬን ከፈልኩ። ቀጠሮ ያከበረችው የቤቱ ድመት ብቻ ናት። ማታ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይቅርታ ወንድምዬ፣ ቻርጅ ጨርሼ ነው።»

መዋሸቱን እንኳ ለምደነዋል። እኔን ያንገበገበኝ ውሸቱ በፊዚክስም የማያስኬድ መሆኑ ነው። ቻርጅ አያልቅማ!

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የምትለውን ተረት እወዳታለሁ። ሰው «አሳጥረው» ሲለኝ የምታስጥለኝ እሷ ናት። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የጥንት ግሪኮች አምበር የሚባለውን፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ፣ በጨርቅ ሲያሹት ገለባ እንደሚስብ ያውቁ ነበር። እኛም አራተኛ ክፍል ሆነን እስክርቢቶ ፀጉራችን ላይ አሽተን ብጥስጣሽ ወረቀት እናስነሳ ነበር። ወረቀቷ መጀመሪያ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ በአንድ ጥጓ ትቆማለች። ከዚያ ዘላ ትለጠፋለች። አንዳንዷ ደግሞ ገና ከመለጠፏ እንደተጣላ ሰው ተስፈንጥራ ትሄዳለች። ግሪኮቹ ፈላስፋ ተባሉ፤ እኛ ከክፍል ተባረርን።

በ1600 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት የአምበር መሳብና የማግኔት መሳብ ለየቅል መሆናቸውን ጻፈ። በ1733 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ የንጉሡን የአትክልት ስፍራ ያስተዳድር የነበረው ዱ ፌ ይህ የሚስበው ነገር፣ ዛሬ ቻርጅ የምንለው፣ ሁለት ዓይነት ነው አለ፤ የመስተዋትና የሙጫ። አንድ ዓይነቶቹ ይገፋፋሉ፣ የተለያዩት ይሳሳባሉ። የተስፈነጠረችው ወረቀት የእስክርቢቶውን ቻርጅ ተካፍላ ነበር ማለት ነው። ይህን አራተኛ ክፍል የነገረን የለም።

ከዚያ ቤንጃሚን ፍራንክሊን መጣ። እዚህ ላይ ቂም አለኝ።

ፍራንክሊን በ1747 ገደማ «ሁለት ዓይነት የለም፣ ነገሩ አንድ ነው» አለ። የተረፈው ፖዘቲቭ፣ የጎደለው ኔጌቲቭ። የታሸ መስተዋት ላይ ተረፈ ብሎ ገመተ። ግምት ነው፤ ምን ወዴት እንደሚሄድ አላየም። በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን፣ ከአቶም የምታንሰውን ቅንጣት፣ ሲያገኝ፣ ሽቦ ውስጥ የሚርመሰመሰው እሱ ሆኖ ተገኘ፤ ምልክቱም ኔጌቲቭ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። 150 ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቀስቱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ሲሳል ኖሯል፣ ማን ያስተካክለው? እስከ ዛሬ ኤሌክትሮኑ በግራ ሲሄድ ቀስቱ በቀኝ ይሳላል።

አሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ ኤሌክትሮኖቹ የሚሄዱበትን አቅጣጫ ሳልኩ። ኤክስ! መምህሬ «መጽሐፉ እንዲያ አይልም» አሉኝ። ሁለት ማርክ ሄደ። አሁንም ገበያ ላይ ስንገናኝ፣ ሰላምታው እንዳለቀ፣ ሁለቷን ማርክ ልጠይቃቸው ይቃጣኛል።

ፍራንክሊንን ግን በአንድ ነገር አልከሰውም። ማሸት ቻርጅ አይፈጥርም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ ብሏል። ይሄ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። እንደ ዕቁብ በሉት፤ ብሩ ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል፣ ድምሩ ግን ያው ነው። የዕቁብ ሰብሳቢ ተነስቶ «ብሩ እንዲሁ አለቀ» ቢል ማን ዝም ይለዋል? ቻርጅ ሲሆን ነው ዝም የምንለው።

«ለመሆኑ ቻርጅ ምንድን ነው?» ብትሉ ግን መልሱ ስለ ጠባዩ ነው። ኩሎምብ የተባለው ፈረንሳዊ ወታደራዊ መሐንዲስ በ1785 በቀጭን ክር በተንጠለጠለ ሚዛን ግፊቱን ለካ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ይሆናል። የቻርጅ መለኪያውም በስሙ ተጠራ። ቆይቶ አንድ ኩሎምብ አንድ አምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) በአንድ ሰከንድ የሚያሳልፈው ነው ተባለ። በ2019 ነገሩ ተገለበጠ። የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠኑ ልክ 1.602176634 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው ተብሎ ተቆረጠ፣ አምፔርም ከእሱ ተወለደ።

ወደ ስልኩ ልምጣ። ባለ 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ ከሙሉ እስከ ባዶ 18,000 ኩሎምብ ያዘዋውራል። በአንዱ ጫፍ የወጣው በሌላው ይገባል። ጠዋት 100 ፐርሰንት፣ ማታ 1 ፐርሰንት፤ የባትሪው ጠቅላላ ቻርጅ ሁለቴም ዜሮ። ያለቀው ኢነርጂው ነው። ክረምት ላይ ከጣና ማዶ የሚያጓራው መብረቅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 20 ኩሎምብ ገደማ ነው የሚያወርደው። በቮልት ይበልጣል እንጂ በኩሎምብ ስልኩን አይደርስበትም። እንግዲህ ወዳጄ የአንድ ሺህ መብረቅ ያህል ቻርጅ ሲያዘዋውር ውሎ «አልመጣም» የምትል አንዲት መልእክት መላክ አቃተው።

ደግሞ የት ቁጭ ብሎ? ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1964 አንድ የኃይል ማመንጫ፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛ፣ 73 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ተሠራበት። ውሃው ወደ ተርባይኑ ሲዞር ፏፏቴው መነመነ። እንግዳ ይዤ ሄጄ «ይሄ ነው?» ሲለኝ መሬት ነው የማየው። ያን ሁሉ ውሃ የሰጠነው ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ አይቶ ማታ «ጨርሼ ነው» እንዲለኝ ነው?

መዋሸት ካልቀረ እንግዲህ «ኢነርጂ ጨርሼ ነው» ይበሉን፤ ቢያንስ ፊዚክሱ ይተርፋል። «መብራት ጠፍቶ ነው» የሚሉትን ሌላ ቀን እመጣባቸዋለሁ። እነሱ ላይ ለመጻፍ ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው።