ከሞት የተነሳና ከሶፋ የተነሳ

አማቴ ሊጠይቁን ሜሪላንድ የመጡት በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ የሽልማት ምሽት ነው፣ ከላስ ቬጋስ።

"የማን ሰርግ ነው?" አሉ፣ ሱፉንና ከረባቱን አይተው።

ሰርግስ ሰርግ ነው፤ ሙሽሮቹ ግን የሉም። ዝግጅቱ ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው በሱፐር ቦውል፣ በዋንጫው ጨዋታ፣ ሰሞን ነው። ለዋንጫ የደረሱት ሁለት ቡድኖች ልምምድ ላይ ናቸው። ከነሱ አንዱ ከተሸለመ በቪዲዮ ያመሰግናል። አዳራሹ ውስጥ ሱፍ ለብሶ የሚያጨበጭበው ተጫዋች በአብዛኛው ቀድሞ የተሸነፈው ነው።

ቀጥሎ ወድቆ ለተነሳ ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት መጣ። ከእጩዎቹ አንዱ ዳማር ሃምሊን ነው። ታሪኩን ነገርኳቸው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023፣ ሲንሲናቲ። የቡፋሎ ቡድን ተከላካዩ ሃምሊን ኳስ የያዘውን ሰው ተጋጭቶ ጣለው። ተነስቶ ቆመ። ወዲያው ወደ ኋላው ተዘረረ። ልቡ ቆሟል። ሐኪሞቹ እዚያው ሜዳው ላይ ደረቱን እየተጫኑ መለሱት። ጓደኞቹ ከበውት ተንበርክከው ያለቅሳሉ። ሆስፒታል ሲነቃ መናገር ስላልቻለ "አሸነፍን ወይ?" ብሎ በጽሑፍ ጠየቀ። ሐኪሞቹም የሕይወትን ጨዋታ አሸንፈሃል አሉት። በዚያው ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሰ።

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "እኔን ድፍት ያድርገኝ! የእናቱ ስለት ሰምሮ ነው። በል ይስጡት።"

ለጆ ፍላኮ ሰጡት።

"እሱ ደግሞ ምን ሆኖ ነበር?"

ምን ልበላቸው? ምንም አልሆነም። ፍላኮን ሜሪላንድ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለባልቲሞር ሱፐር ቦውል ያመጣ ኳርተርባክ፣ ጨዋታውን እየመራ ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች ነው። 38 ዓመት ሲሞላው ፈላጊ ቡድን ጠፋና ከአምስት ልጆቹ ጋር ቤቱ ተቀመጠ። ኖቬምበር 2023 ክሊቭላንዶች ኳርተርባክ ሲቸግራቸው ደወሉለት። አምስት ጨዋታ ተሰለፈ፣ አራቱን አሸነፈ፣ ቡድኑም ጥሎ ማለፍ ገባ። ጋዜጠኛው ሁሉ "ከሶፋ ተነስቶ" እያለ ጉድ አለለት።

"ይሄኛው ከሶፋ ነው የተነሳው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ያኛው ከሞት?"

"አዎ።"

ዝም ብለው አዩኝ። እኔ ያን ጊዜ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ነበር። ቀስ ብዬ ተቃናሁ።

ነገሩ የድምፅ ቆጠራ ነው። ሽልማቱን የሚሰጠው የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ ነው፤ መራጮቹ 50 ጋዜጠኞች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ሰው በደረጃ ይጽፋሉ፤ አንደኛ 5 ነጥብ፣ ሁለተኛ 3፣ ሦስተኛ 1። ሃምሊንን 21 ሰው አንደኛ አለው፣ ፍላኮን 13 ብቻ። ግን ፍላኮን 26 ሰው ሁለተኛ አድርጎታል። የሦስተኛ ደረጃ ድምፆችም ሲደመሩ ፍላኮ 151 ለ140 አሸነፈ።

እንዲህ ያለ ምርጫ የማውቀው እድር ላይ ነው። ግማሹ የሚሞትለት፣ ግማሹ ዓይኑን ማየት የማይፈልገው ሰው አይመረጥም። ጥግ ይዞ ሻዩን የሚጠጣው፣ ማንም የማይጠላው ሰውዬ ሊቀመንበር ይሆናል። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኛለሁ።

ሐቁን ለመናገር፣ ሃምሊን በዚያ ዓመት የተሰለፈው በጥቂት ጨዋታ ነው። ይህንንም ነገርኳቸው።

"መተንፈሱ አይበቃም?" አሉኝ።

ከሽልማቱ ምሽት በኋላ፣ በዚያው በ2024፣ አሶሼትድ ፕሬስ ለመራጮቹ ማብራሪያ ሰጠ። ሽልማቱ ሕመምን፣ ጉዳትን ወይም ሌላ ከሜዳ ያራቀውን ችግር ተቋቁሞ ለተመለሰ ነው አለ። ሶፋ በስም አልተጠቀሰም። የሚቀጥለውን ሽልማት የእጅ አንጓው ተጎድቶ የነበረው ጆ ባሮው ወሰደ።

በቀደም አዲስ አበባ ስደውል አማቴ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥለው እሱኑ አነሱ።

"ያ ልጅ ተሰጠው?"

"አልተሰጠውም፣ እማማ።"

"ሶፋው ላይ የነበረውስ?"

"ከዚያ ወዲያም ሌላ ቡድን ገብቶ ተጫውቷል።"

ትንሽ ዝም አሉ።

"አንተስ? ተነሳህ?"