ጋሽ ደብተር ላይብረሪ ናቸው

የሚድ ፈተና ሰሞን ነው። ጠዋት 2:30 ላይ ላይብረሪ የገባ ሰው፣ 8 ወንበር የከበበው ጠረጴዛ ላይ 8 ደብተር ተዘርግቶ ያገኛል። ሰው የለም። ደብተሮቹ ግን ጽሞና ላይ ናቸው፤ ሆዳቸው ተከፍቶ፣ እስክሪብቶ ደረታቸው ላይ ተጋድሞ፣ አጠገባቸው ግማሹ የተጠጣ ሃይላንድ ቆሞ። የሚያስል የለም፣ ስልኩ የሚጮኽበት የለም፣ "እስኪ ይቺን አስረዳኝ" እያለ ጎረቤቱን የሚነቀንቅ የለም። ጎጃም ከቅኔ ቤቶቿ ወዲህ እንዲህ ያለ ጨዋ አንባቢ አላፈራችም። የትኛው ግቢ ነው አትበሉኝ፤ ሐይቁ ዳር ያለውም፣ ብርዳሙ ደጋ ላይ ያለውም የራሱን ላይብረሪ ያውቀዋል።

ፍሬሽ ተማሪ ግቢ ሲገባ ሁሉም የሚመክረው አንድ ነገር ነው፤ ትምህርቱንና ማኅበራዊ ኑሮውን አቻችሎ መያዝ። እናት በስልክ ትመክራለች፣ ሲኒየር እየተጎማለለ ይመክራል፣ ኦረንቴሽን ላይ ማይክ የያዘ ሁሉ ይመክራል። ምክሩ ግን ጊዜው አልፎበታል። ነገሩ ተፈትቷል እኮ! ደብተር ላይብረሪ ይሄዳል፣ ባለቤት ላውንጅ ይሄዳል። አንዱ ያጠናል፣ አንዱ ይጫወታል። ሁለቱም በየሥራቸው ሙሉ ቀን ይውላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይረብሽም።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሙያ ግን ይጠይቃል። በመጀመሪያ፣ በሩ ሲከፈት ከፊት መገኘት ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው በ2 ሰዓት ክላስ ደርሶ የማያውቅ ቢሆንም ለወንበር ሲሆን ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ቀጥሎ ቦታ መምረጥ ነው። ሶኬት ያለበት ግድግዳ ይመረጣል፤ ደጋው ላይ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። ደብተሩ ተዘግቶ ከተቀመጠ የተረሳ ይመስልና ሠራተኛዋ አንሥታ ወደ ጠረጴዛዋ ትወስደዋለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከተከፈተ ደግሞ ገና አልጀመረም ያሰኛል። መሐሉ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ባለቤቱ ግማሽ መንገድ ደርሶ ለሽንት የወጣ እንዲመስል። የእስክሪብቶው ክዳን ይነቀላል፤ ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትሠራለች፣ "አሁን መጣሁ" ማለት ናት። ካልኩሌተርና ቻርጀር አይተዉም፤ እግር ያወጣሉ። ፎቶ ኮፒ የሆነ ሃንድአውት ግን ያለ ሥጋት ይተዋል፤ ሃንድአውት የሚሰርቅ ሰው ማለት ሊያነብ የፈለገ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ብርቅ ነው። ወንበሩ ጀርባ ላይ አሮጌ ሹራብ ጣል ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ለጠየቀ ሁሉ ጎረቤት የሚመልስለት አንድ ቃል ነው፤ "ሰው አለበት።"

ሰውስ የለበትም። ያለው ደብተር ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንተ እያልን ልንዳፈረው አይገባም፤ ጋሽ ደብተር እንበላቸው።

የጋሽ ደብተርን ትጋት በቁጥር እንየው። አንድ ባለ 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ኮርስ ከተማሪው በጠቅላላ 135 ሰዓት ይፈልጋል። በሳምንት 3 ሰዓት ሌክቸር፣ በ16 ሳምንት 48 ይሆናል። የቀረው 87 ሰዓት ከክላስ ውጭ የሚሠራ ነው፤ ንባብ፣ አሳይመንት፣ ቱቶሪያል። ጋሽ ደብተር ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣሉ። በ8 ቀን 92 ሰዓት። አንዱን ኮርስ በሳምንት ከአንድ ቀን ጨርሰው 5 ሰዓት አትርፈዋል! ምሳ አልበሉ፣ ሻይ አልወጡ። ለእኚህ ሰው ኤ ፕላስ ሲያንሳቸው ነው። ሚል ካርድ ይሰጣቸው፤ ዶርም ውስጥም የታችኛው አልጋ ይለቀቅላቸው፣ በዚህ ዕድሜ ፎቅ አልጋ አይወጡም። አገሩ ደግሞ ጎጃም ነው፣ የስመ ጥሮቹ ጉባኤ ቤቶች የዋሸራና የዲማ አገር፤ እዚህ እንዲህ ያነበበ ሰው ማዕርግ ሳያገኝ አይቀርም። የስማቸው የመጨረሻ ፊደል አፏን ትንሽ ከፈት ብታደርግ እኮ ደብተራ ናቸው።

የትዳራቸው ጉዳይም አለ። ፊት ለፊታቸው ሮዝ ሽፋን ያላት ባለ 50 ሉክ ተቀምጣለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው ውለዋል፤ ንፋስ ሲመጣ ገጻቸው አብሮ ይገለጣል። ነገር ከመበላሸቱ በፊት ሽማግሌ ይላክ ተብሎ ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ አንድ የሳይኮሎጂ ሞጁልና የሰው አፍ የማይሰማ ስቴፕለር ተላኩ። የልጅቱ ወገኖች "ልጁ ምን አለው?" አሉ። "ወንበር አለው" ተባለ። "ውስጡስ?" ሲሉ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ውስጣቸው ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ንጹሕ ነጭ ነው። ይህም እንደ ንጽሕና ተቆጥሮላቸው ተፈቀደ፤ ጥሎሹ 2 እስክሪብቶና አንድ ሃይላይተር ሆነ። ሠርጉ ከምርቃታቸው ጋር በአንድ ቀን ነው። ጋዋኑ ልካቸው ነው፣ ቆቡ ነው ያስቸገረው፤ ራስ የላቸውም። ግን ራስ አለመኖር እስካሁን ማንን ከምርቃት አስቀርቶ ያውቃል?

ባለቤትየው የት ነው? ቡና ላይ። ማኅበራዊ ኑሮ እንዲሁ በዋዛ አይያዝም። በአቦሉ ስለ ፈተናው ከባድነት ይወራል፣ በቶናው ስለ መምህሩ ክፋት፣ በበረካው ማን ከማን ጋር ሐይቅ ዳር እንደታየ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። መሐል ላይ ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ አንዱ ባለ 180 ገጽ ፒዲኤፍ ይለቃል፤ ሁሉም ያወርደዋል፣ ሁሉም እፎይ ይላል። ማውረድ የማንበብ ግማሽ ነውና። ማታ ደግሞ ግሩፕ ጥናት አለ፤ 7 ሰው፣ አንድ ሃንድአውት። ሃንድአውቱን የያዘው እስኪመጣ 40 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ሲመጣ የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ 20 ደቂቃ ይከራከራሉ፣ ከዚያ አንዱ ያስረዳል፣ ስድስቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በማግስቱ ፈተናውን የሚሠራው ያስረዳው ብቻ ነው። ስድስቱም "አብረን ነው እኮ ያጠናነው" ብለው ይገረማሉ።

የፈተናው ዋዜማ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነበብ ይነጋል። ፍሬሽ ሳይኮሎጂ ውስጥ ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት እየሸመደደ ራሱን ፈትኖ፣ ካልተከለሰ አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ብን ብሎ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። የሚያሳዝነው ይህን ምዕራፍ ራሱን በዋዜማው ያነበበው ልጅ ጠዋት የሰውየውን ስም ረስቶታል። እንቅልፍ ነበር ያነበበውን የሚያደላድልለት፤ እሱ ግን እንቅልፉን ለንባቡ ሠውቶታል። ከቅኔ ቤት እንኳ ቢጠይቁ ይነገራቸው ነበር፤ ተማሪ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና እየቆጠረ፣ መምህር ፊት እየተነቀፈ፣ ቀስ እያለ ነው ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ የሚወጣው። በአንድ ሌሊት መወድስ የወረደለት ሰው ካለ ያበደ ነው ተብሎ ጠበል ይወሰዳል።

አሁን ግን አንዲት ልጅ አስቡ። ከቢቡኝ ወይም ከጎንቻ የመጣች። ላፕቶፕ የላትም። ዶርሟ 6 አልጋና አንድ አምፖል ነው፤ አንዷ ስፒከር ከፍታለች፣ አንዷ በስልክ ትጣላለች። ያላት ቦታ ላይብረሪ ብቻ ነው። ሃንድአውቷን ደረቷ ላይ ይዛ በወንበሮች መሐል ትዞራለች። "ሰው አለበት?" አለበት። "እዚህስ?" አለበት። ዘጠነኛው ላይ ታፍራለች፤ ሰው የሌለበት አዳራሽ ውስጥ ቦታ አጥታ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ይህን አራዳነት የምትሉት እናንተ፣ ይህ ስርቆት ነው! ወንበሩ የሕዝብ ነው፤ ያንን ወንበር ያስገዛው ግብር ከእሷም አባት ማሳ ተለቅሟል። እናንተ ቡና ስትጠጡ ልጅቱ ሲሚንቶ ላይ ብርድ ይገባታል። ባለቤትየው 9 ሰዓት ላይ ማስቲካውን እያኘከ ሲመጣ፣ ወንበሩ ላይ ሰው ካገኘ ደግሞ የሚቆጣው እሱ ነው። "ደብተሬን አላየሽም?" ይላል። አይታዋለች። ባዶ ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የተበላሸ ተማሪም አልጠፋም። ቀለሜ ይሉታል። ይህ ሰው ሌክቸር በወጣበት ቀን 40 ደቂቃ ይቀመጣል። ደብተሩን ይዘጋና ትዝ ያለውን በባዶ ወረቀት ይጽፋል፣ ከዚያ ከፍቶ የሳተውን ብቻ ያርማል። ከሁለት ቀን በኋላ ይደግመዋል፣ ከሳምንት በኋላ ይሠልሰዋል። በኮርስ በሳምንት አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚደርሰው፤ 87ን ለ16 አካፍሎ ያገኘው ነው። ማታ 5 ሰዓት ይተኛል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ምሳ ሲወጣ ደብተሩን ይዞ ይወጣል! ወንበሩን ለማንም አላፊ አግዳሚ ጥሎ! ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ኳስ ሲጫወት፣ ከጀለሶቹ ጋር ሲስቅ ታገኙታላችሁ፤ ፊቱ ላይ ምንም ጸጸት የለም። እንዲህ ያለ ኑሮ ምኑ ይጣፍጣል?

እሱ ያልገባው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሎጂክ ኮርስ ላይ ፋላሲ የሚባሉ የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ይዘረዘራሉ፤ የእኛ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ትክክል መሆን አለበት፦ "ደብተሬ ላይብረሪ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ላይብረሪ ነበርኩ።" ውጤት ሲለጠፍ "ቀን ከሌት ላይብረሪ ውዬ ሲ አነሰኝ" ብሎ የሚያለቅሰው ሰው እየዋሸ አይደለም። ኩዊዙ፣ አሳይመንቱና ሚዱ ተደምረው ከ50 ይያዛሉ። ከዚያ 18 ብቻ ይዞ ፋይናል የደረሰ ሰው፣ ሲ ከ50 ስለሚጀምር፣ ከፋይናሉ 50 ላይ 32 ማምጣት አለበት። ይህን ስሌት ደብተሩ ያውቀዋል፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ተሠርቷል፣ ከልብ ሥዕል አጠገብ።

እንግዲህ ፋይናል ደረሰ። ተማሪው አዳራሹ በር ላይ ተሰልፏል፣ አይዲ ይታያል። ተቆጣጣሪው "ደብተር፣ ስልክ፣ ቦርሳ ውጭ!" ይላል። በዚያች ሰዓት ነው ነገሩ የሚገለበጠው። 16 ሳምንት ሙሉ ሲቀመጡ የኖሩት ጋሽ ደብተር ውጭ ይቀራሉ፤ ቡና ሲጠጣ የኖረው ይገባል። ባለቤት ውስጥ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ ጋሽ ደብተር በሩ ሥር ከተከመረው ዕቃ አናት ላይ፣ ሮዝ ሽፋን ያላትን ጠርዟን እየነኩ፣ እስክሪብቶ የሌለው ደረታቸውን ለንፋስ ሰጥተው ቦታ ይዘዋል። አንዱ ሊቀመጥ ቢጠይቅ መልሱ ይታወቃል።