አሥር ቀኔን መልሱልኝ
ዛምቢያ፣ ሉሳካ ስሠራ የማገኛት እረፍት አሥር ቀን ናት። ዘንድሮ እሷንም ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቼ በሏት። በጥቅምት እንዳትመጡ ብያለሁ። እዚህ ጥቅምት አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ማን ሰምቶኝ!

እስከ ሊቪንግስተን 470 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻዬን ነዳሁ። እነሱ ከኋላ ተኝተው፣ ሲነቁ «ገና ነው?» ይሉኛል። ቪክቶሪያ ፏፏቴ ስንደርስ በዛምቢያ በኩል ያለው ገደል ደርቋል። ባዶ ጥቁር ድንጋይ። ውሃው የሚሞላው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ በደረቁ ወራት የተረፈው በአብዛኛው በዚምባብዌ በኩል ይወርዳል። ይህንንም ነግሬያቸው ነበር። «ለዚህ ነው ያመጣኸን? ጢስ ዓባይ አይሻልም?» አሉኝ። የዛምቤዚን ወንዝ ያደረቅኩት እኔ ነኛ! (አገሬው ፏፏቴውን ሞሲ-ኦ-ቱኛ ይለዋል፤ የሚያስገመግም ጢስ ማለት ነው። የዚያን ቀን የጤስኩትም ያስገመገምኩትም እኔ ነበርኩ።)

እሺ ድንበር እንሻገር ስል፣ አንዷ ፓስፖርቷን ሉሳካ ረስታዋለች።

ማታ ንሺማ፣ የዛምቢያ የበቆሎ ዱቄት ምግብ፣ ሲቀርብ «ይሄማ ገንፎ ነው፤ ቅቤና በርበሬው የታለ?» ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ነገ ሥራ እገባለሁ። እነሱ አንድ ሳምንት ጨምረዋል።