ክሬም ግድግዳ ሁሉንም ጣሪያ አይቀበልም

ደሴና ኮምቦልቻ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች «ግድግዳው ክሬም ወይም ግራጫ ከሆነ የፈለጋችሁትን ቀለም ቆርቆሮ ምቱበት፣ ሁሉም ይሄዳል» የሚል ምክር ሰሞኑን እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ክሬም ውስጡ ቢጫ አለው፤ ከቡናማና ከሸክላማ ቀለም ጋር ይስማማል። ግራጫ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሸክላማ ጣሪያ ሲመጣበት ጭራሽ ሰማያዊነቱ ይጎላል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ እዩ፤ የተደበቀው ቀለም ይወጣል። ከዚያ ከባለሱቁ ቁራጭ ቆርቆሮ ለምናችሁ ጠዋትም ቀትርም ፀሐይ ላይ ከግድግዳው ጋር አስተያዩት። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን አትወስኑ።

ግድግዳ ካላማረ በአንድ ሁለት ባልዲ ቀለም ይስተካከላል። ቆርቆሮ ግን አንዴ ከተመታ በኋላ መቀየሩ ኪስ ያራቁታል።