ጠበኛ ሁሉ ተደባዳቢ አይደለም

ስለ «ጠብ» እና ከእርሱ ጋር ስለሚነሱ ቃላት የተጻፈ አንድ ጽሑፍና የተሰጡትን አስተያየቶች አነበብሁ። ጸሐፊው «ጠበኛ» የሚለውን ቃል «ተደባዳቢ ሰው» ብለው ፈትተው ማለፋቸው አላረካኝም። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። «ልጁ ጠበኛ ነው» ስንል ጠባዩን መናገራችን ነው፤ «እገሌ ጠበኛዬ ነው» ስንል ግን ከእኔ ጋር መኳረፉን እንጂ ዱላ ማንሳቱን አላልንም። ሽማግሌዎች «ጠበኞቹን አስታረቅን» ሲሉም ሁለቱ በሕይወታቸው ቡጢ ያልሰነዘሩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ነገረኛ ደግሞ ሌላ ነው። እርሱ በምላሱ ነው የሚወጋው። ጠብ ጫሪውን ከሁለቱም እለየዋለሁ፤ ክብሪት እንደሚጫር ጠብን ይጭርና አንዳንዴ ራሱ ዳር ቆሞ ይሞቃል። ሰበብ ፍለጋ የሚዞረውን «ጠብ ያለሽ በዳቦ» እንለው የለ? «ጠበኛ»ን ለውሻ መጠቀምን በተመለከተ ግን የግቢ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» እንጂ «ጠበኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፎ አላየሁም።

በ«ጠብ» እና በ«ጸብ» መካከል የቱ አጻጻፍ ይሻላል በሚል ለተነሳው ክርክር፣ የቃሉ ምንጭ የግእዙ «ጸብአ» ነው፤ ተዋጋ ማለት ነው። «ጸ» በአማርኛ ወደ «ጠ» መለወጡ በ«ጸጉር» እና «ጠጉር»፣ በ«ጾም» እና «ጦም» ጭምር የምናየው ስለሆነ ሁለቱም ያስኬዳሉ። እኔ በ«ጠ» መጻፍ እመርጣለሁ፤ የምናገረው እንደዚያ ነውና።

«ጠበቃም ከጠብ የመጣ ነው» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ቃሉ ግን የመጣው «ጠበቀ» ከሚለው ግስ ነው።